ሽመላዋ ከብርጭቆው ሥር

ትሪውን አስቀምጪና ትንሽ አረፍ በይ እንጂ፣ ልጄ። ይሄ አግዳሚ ወንበር ለእኔ ብቻ ሰፊ ነው። ሦስት ፎቅ ሙሉ ሻይ ተሸክሞ መውጣት ቀላል ነው እንዴ? ጉልበትሽ ይባረክ። ዛሬ ደግሞ ሙቀቱ...

የሹሙ የኮሪደር መስኮት ክፍት ነው? ተዪው፣ አትዝጊው። አየር ያስፈልገዋል። ብዙ ይሠራል።

እኔ መቼም ወሬ አላበዛም። ስምንት ወር እዚህ ፈቃድ ክፍል ስመላለስ ድምፄን ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ዛሬ ግን አንድ ሰው ሳላመሰግን ብሄድ ነውር መሰለኝ። ስሙን አልጠራም... መመስገን አይወድ ይሆናል።

ምራቴን ታውቂያታለሽ፤ ያቺ ፋይሏን ታቅፋ ከጎኔ የምትቀመጠው። ከድልድዩ ማዶ፣ በዚያኛው ግዛት፣ አሥራ አንድ ዓመት አዋላጅ ነበረች። ልጄ እዚህ ሥራ ሲያገኝ ተከትላው ተሻገረች። ስትሻገር እጇን ወንዙ ውስጥ ጥላው ይሆን እንዴ? ከድልድዩ ወዲህ አዋላጅ አይደለሽም ተባለች። የማዶ ፈቃዷ ወደዚህ እስኪዛወር እርጉዝ እንዳትነካ። እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ ምናልባት እዚህ ሕፃን የሚወጣው በሌላ በኩል ይሆናል... ምን አውቄ?

አሁን እዚያው ሆስፒታል የአዋላጆቹን ልብስ ታጥባለች። ለማጠብ ፈቃድ አይጠየቅም።

የጎደላት አንድ ደብዳቤ ነው። የማዶው መሥሪያ ቤት «አዎ፣ የእኛ ናት፣ ጥፋት የለባትም» ብሎ የሚጽፈው። ራሷ ሄዳ፣ አሳሽጋ አመጣችው። ይሄ ጠንቃቃ ሹም ግን ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት በፖስታ ነው የሚመጣው፣ የባለጉዳይ እጅ አይነካውም ብሎ መለሰላት። ጫፉን እንኳ አልነካውም። እንዲህ እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው የት ይገኛል? ማዶዎቹ በፖስታ ላክን አሉ። እሱ አልደረሰም አለ። ማንን ልመን? ሸሚዙን አይተሽዋል? እንዲህ የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ይዋሻል?

ጠረጴዛውማ! አንቺ ነሽ የምታውቂው፤ እንደ መስታወት ያበራል። ሻይ ሲጠጣ እንኳ ብርጭቆውን እንጨቱ ላይ አያሳርፍም፤ ከሥሩ ወፍራም ፖስታ ያነጥፋል። ቅድም ባዶውን ብርጭቆ ስታነሺ አየሁት። ፊደል አልቆጠርኩም ልጄ... ወፍ ግን አውቃለሁ። ፖስታው ላይ አረንጓዴ ማኅተም አለ፤ በአንድ እግሯ የቆመች ሽመላ። ይህችው ሽመላ ቤታችን ግድግዳ ላይ፣ ምራቴ ከማዶ ባመጣችው ዲፕሎማ ላይ ቆማለች። በየጠዋቱ ፊት ለፊቷ ነው ቁርሴን የምበላው። የሰውየው ሽመላ ግን አንገቷ ድረስ ሻይ ውስጥ ገብታለች። ክብ በክብ ላይ... ስንት ብርጭቆ አመላልሰሽለታል? ፖስታው እስካሁን አልተከፈተም። እጁ ንጹሕ ነው አላልኩሽም?

የሌላ ሰው ደብዳቤም ሊሆን ይችላል። እንግዲያው ሌላም ምራት የሆነ ቦታ ልብስ እያጠበች ነው።

የለም፣ አልተቀየምኩም። በመስኮቱ ብቅ ብዬ ሽመላዋን በጣቴ ሳሳየው እንኳን ሊቆጣኝ ፈገግ አለልኝ። አንዲት ቃል አለኝና፣ አንቺ ያመጣሽለትን ትኩሱን ሻይ ቀስ አድርጎ መልሶ እላይዋ ላይ አሳረፈው። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም።

ባለቤቱ መውለጃዋ ደርሷል አሉ፣ እውነት ነው? እሰይ! እኔማ ሆስፒታሉን በምራቴ ገንዳ ነው የማውቀው፤ የምታጥበው የሁለት አዋላጅ ልብስ ነው። ሦስተኛ የለም።

ፈጣሪ በሰላም ያገላግላት። ልጁም እንደ አባቱ ሥርዓት አክባሪ፣ መጠበቅ የሚችል ይሁን። ምጥ ይዟት ሰውየው የሆስፒታሉን በር ሲያንኳኳም፣ እንደ እሱ ያለ ትሑት ሰው ይክፈትለት። ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ፈገግ ብሎ፣ ቅድም ለእኔ ያለኝን ያችን ደግ ቃል ይበለው፦

«አባት፣ ሰኞ ይመለሱ።»