ሦስት ጊዜ የተመረቀው ቦኖ

«እማዬ፣ አንቺስ ቦኖውን በስንት ዓይንሽ ነበር ያየሽው?»

ልጇ የምሥራች የሳለችውን ሥዕል ዘርግታ ይህን ስትጠይቃት ወለተኪዳን ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። ጥያቄው ሳይገባት ቀርቶ አይደለም፤ ልጄን ያስሩብኛል፣ ከሥራዋም ያባርሩብኛል የሚለው ፍርሃት ስለያዛት ነው።

የምሥራች ኮሌጅ ገብታ ሥዕል ተምራ፣ መንዝ ውስጥ ወዳለችው የትውልድ ቀበሌዋ በመምህርነት የተመለሰች ልጅ ናት። ለወላጆች ቀን የሚሰቀል ሥዕል አዘጋጂ ብትባል፣ የቀበሌውን ቦኖ ከነመራቂው ሊቀመንበርና ከነአጨብጫቢው ሕዝብ በሰፊ አቡጀዲ ላይ ሳለችው። ያ ቦኖ ከወረዳ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሪባን እየታሰረለት ሦስት ጊዜ ተመርቋል። በየምርቃቱ የእብነ በረድ ጽሑፍ ተለጥፎለታል። ውኃ ግን አንድም ቀን ጠብ ብሎለት አያውቅም። ወለተኪዳን በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ቆጥራ፣ መጀመሪያ ለብቻዋ ያነበበችው «ተመርቆ አገልግሎት ጀመረ» የሚለውን የዚያን ቦኖ ጽሑፍ ነበር። አንብባ ደስ አላትና ጀሪካኗን አዝላ ወደ ወንዝ ወረደች።

በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት፣ ልጇ ከቤት ወጣ ስትል ሥዕሉን በወፍራም የሱፍ ባና ጠቀለለችና እኅቷ ቤት ልትደብቀው ተነሣች። ቁልቁለቱን ሳትጨርስ በበቅሎ ከሚመጡት፣ የደብሩ ቄስም ከሆኑት ከመሪጌታ ባምላኩ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች።

«ወለቴ፣ ምን አቅፈሽ ነው እንዲህ የምትጣደፊው? ሕፃን ነው እንዳልል ዘመኑ አልፎብሻል» አሏት።

«ኧረ የኔታ አይቀልዱብኝ! የልጄን ጉድ ነው የተሸከምሁት።»

ይህን ስትል የምሥራች ከኋላ እያለከለከች ደረሰች። «እማዬ፣ ሥዕሌን መልሽልኝ!»

መሪጌታ ከበቅሏቸው ወርደው አቡጀዲውን ከመንገዱ ዳር ካብ ላይ ዘረጉት። ትንሽ አዩና ፊታቸው ጠቆረ።

«ልጄ፣ ሥዕል የቅዱሳን ክብር ነው፤ የሹም መቀለጃ አይደለም። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ የኔታ። ሰማይ አይታረስም፤ ቦኖ ግን ይጠገናል።»

«ምላስሽ ረዘመ!»

«ያስረዘሙት እርስዎ ነዎት፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ አይደሉ? ይልቅ ልጠይቅዎት፤ በደብራችን ግድግዳ ላይ ሲኦል ውስጥ የሚቃጠለውን ጉቦኛ ዳኛ ማን ሳለው?»

«አያቴ ናቸዋ!»

«መልኩስ ማንን ይመስላል?»

«እሱን ተይው» አሉ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ። «የልጅ ልጆቹ እዚሁ አሉ።»

እንግዲህ ሹምን በሥዕል መገሠጽ ከከተማ የመጣ ፈሊጥ አልነበረም። አገሩ ያውቀው ነበር፤ የረሳው የጥበቡ ባለቤት ነው።

መሪጌታ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። ጎንበስ ብለው መረመሩና በድል አድራጊነት ቀና አሉ።

«ተሳስተሻል! በእኛ ሥርዓት ጻድቅ በሙሉ ፊቱ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይን ነው የሚሳለው። አንቺ ሊቀመንበሩን ምንይሉን ባለ ሁለት ዓይን፣ ሕዝቡን ባለ አንድ ዓይን አደረግሽ። ገለበጥሽው!»

«አልገለበጥሁም የኔታ። አቶ ምንይሉ የሚሠሩትን ሁለት ዓይናቸውን ገልጠው ያውቁታል። በአንዱ አይተን አንዱን የጨፈንን እኛ ነን። ውኃ እንደሌለው እያወቅን እልል ብለንለታል።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አለች ወለተኪዳን። «ብናገር አንቺን ያባርሩብኛል!»

«ዝም ስትይስ ውኃ መጣልሽ?»

መሪጌታ ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አሳረፉ። «ይህ ባለ ጥምጥሙ፣ ቧንቧውን የሚባርከው ማነው?»

«እርስዎ ነዎት የኔታ።»

መሪጌታ ጥምጥማቸውን በእጃቸው ዳበሱ።

«ደረቅ ቧንቧ ባረክሁ» አሉ። «በሦስተኛው ምርቃት እንኳ፣ ምናልባት ይመጣ እንደሆን ብዬ አጥብቄ ነበር የደገምሁለት።» ከዚያ አቡጀዲውን ጠቅልለው ለልጅቷ መለሱላት። «ስቀይው። ግን አፍንጫዬን አስረዝመሽዋል።»

«በጎን ሲሳል ይረዝማል የኔታ።»

በማግሥቱ ሥዕሉ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰቀለ። አቶ ምንይሉ ከወረዳ የመጡትን አዲስ ኃላፊ አስከትለው ደረሱ፤ ሥዕሉንም አይተው ደስ አላቸው። «ይመልከቱ፣ እኔን በክብር በሁለት ዓይን ነው የሳለችኝ!» ሲሉ፣ የዓይኖቹን ትርጉም ከመሪጌታ ቀድሞ የሰማው ሕዝብ በሳቅ ፈነዳ። ኃላፊዋ ግራ ተጋብተው «ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?» ቢሉ ሁሉም አቀረቀረ።

ወለተኪዳን ከሕዝቡ መካከል ቀና አለች። ልጇን አየቻት። ተነሣች።

«እመቤቴ፣ ያቺ ጀሪካን አዝላ እልል የምትለው ባለ አንድ ዓይን እኔ ነኝ። ቦኖው ውኃ የለውም፤ ኖሮትም አያውቅም። እያወቅሁ ነው እልል ያልሁት።»

«አጨብጫቢው እኔ ነኝ!» አለ ወዳጆ የሚባለው ጎረቤቷ። «ሪባን የያዝሁት እኔ ነኝ» አለች አስካለ ማርያም። መሪጌታም መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «ባለ ረጅም አፍንጫው እኔ ነኝ!» ሲሉ ሳቁ ወደ እልልታ ተለወጠ።

ኃላፊዋ በእግራቸው ሄደው ቧንቧውን ከፈቱት። ነፋስ ብቻ እያፏጨ ወጣ። ቢቆፈር፣ ቧንቧው ከምንጩ ጋር አልተያያዘም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አገሩ ያውቃል። ሴቶች ያሉበት የውኃ ኮሚቴ ተመረጠ፤ መስመሩ ከምንጩ ተገጠመ፤ ውኃውም ሪባን ሳይታሰርለት ወረደ። ጀሪካን ይዘው ወንዝ ለወንዝ ይውሉ የነበሩት ልጃገረዶች ክፍል ገቡ፤ የሕፃናቱ የሆድ በሽታ ቀነሰ። ሕዝቡም በስድብ የማይመለስ ሹም በሥዕል እንደሚያፍር፣ በራሱ ጥፋት መሳቅ የቻለ ሰውም የሌላውን ጥፋት ለመናገር እንደማይፈራ ተማረ።

አቶ ምንይሉ ከሊቀመንበርነታቸው ተነሥተው ቀበሌውን ለቀው ሄዱ። የምሥራች እዚያው በመምህርነቷ ቀረች።