በሸዋ ሮቢት የወረደው በረዶ

(በአንድ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ቢሮ፣ ከምረቃው አራት ቀን በፊት ረፋድ ላይ፣ የአሜሪካን ሥነ ጽሑፍ ሃያ ስምንት ዓመት ያስተማሩት ዶክተር ገረመውና ተመራቂዋ ማስተዋል በአንድ የፈተና ወረቀት ይከራከራሉ።)

ማስተዋል፦ ይቀይሩልኝ እንጂ፣ መምህር! የአርቡን ወረቀቴን ይመልሱልኝና ይኼን ያርሙልኝ። እንግሊዝኛ አድርጌ ጻፍኩት፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ገረመው፦ ፈተናው አርብ አለቀ፣ ልጄ። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ማስተዋል፦ አውቃለሁ።

ገረመው፦ ከአርባ ሰባት ተማሪ አርባ ስድስቱ በእንግሊዝኛ ጻፈ። አንቺ ብቻ በአማርኛ! ወረቀቱ አናት ላይ በጉልህ ተጽፏል፤ «በእንግሊዝኛ ያልተጻፈ መልስ አይታረም» ይላል። አላየሽውም?

ማስተዋል፦ አይቼዋለሁ።

ገረመው፦ ታዲያ ምን ነካሽ?

ማስተዋል፦ እርስዎን አመንኩ።

ገረመው፦ እኔ በአማርኛ ጻፊ አልኩሽ?

ማስተዋል፦ አሜሪካኖቹ ከእንግሊዝ ነፃ ከወጡም በኋላ ስንትና ስንት ዓመት እንደ እንግሊዝ ሲጽፉ ኖሩ አላሉንም? እንግሊዝ አገር ያለ፣ እነሱ ዘንድ ጭራሽ የሌለ ወፍ በግጥማቸው ሲያስዘምሩ ከረሙ አላሉንም? ኋላ ግን አንዳንዶቹ «በቃን! የራሳችን ጫካ፣ የራሳችን ወንዝ፣ የራሳችን ገበሬ አንደበት አለን» ብለው ተነሡ አላሉም? ያውም ጠረጴዛውን እየመቱ!

ገረመው፦ ጠረጴዛውንማ በየዓመቱ እመታዋለሁ። ማስታወሻዬ ላይ አለ፤ «እዚህ ጋ ጠረጴዛ ምታ» ይላል።

ማስተዋል፦ ይቀልዳሉ!

ገረመው፦ ምን ያስቀልደኛል? ደንዝዣለሁ እኮ፣ ማስተዋል። አርባ ስድስቱም ወረቀት የገዛ ማስታወሻዬን መልሶ ይነግረኛል። ቀኑን ሙሉ ሳርም ብውል አንዳች ነገር አይሰማኝም።

ማስተዋል፦ እኔም ደንዝዣለሁ። ካርብ ወዲህ እንባ እንኳ እምቢ ብሎኛል። ብቻ ልለፍና ልውጣ። ቅዳሜ እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ በሚኒባስ ጭና ከሸዋ ሮቢት ትመጣለች። ስሜ ሳይጠራ ቢቀር በምን ዓይኔ አያታለሁ?

ገረመው፦ ይኼን አርብ ዕለት አታስቢውም ነበር? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ።

ማስተዋል፦ እኔማ አፈሰስኩ፤ እንድለቅም ይፍቀዱልኛ!

ገረመው፦ እስቲ አምጪው… እ… ይኼ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የእኔ ነው።

ማስተዋል፦ አዎ።

ገረመው፦ ሁለተኛውም።

ማስተዋል፦ ሁሉም የእርስዎ ነው፣ መምህር። ሳይሰስቱ ስለሰጡን እናመሰግናለን።

ገረመው፦ ምላስሽስ አልደነዘዘም! በይ፣ ሸዋ ሮቢት የት ሄደ? አማርኛው ላይ ያለው በረዶስ?

ማስተዋል፦ አወጣሁት። በእንግሊዝኛ ሳየው አፈርኩበት።

ገረመው፦ ምኑ ያሳፍራል?

ማስተዋል፦ ምኑ አያሳፍርም? ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ስለ መንደራችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ ተባልን። እኔ ሆዬ «መንደሬ ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ በረዶ ይወርዳል፣ ልጆቹም በላዩ ይንሸራተታሉ» ብዬ አረፍኩት። ሸዋ ሮቢት! ሰው ሙቀት ሲብስበት ደጅ የሚያድርበት አገር! መጽሐፉ ላይ ያሉት መንደሮች ሁሉ በረዶ ነበራቸዋ፤ የእኔ ለምን ይነሰው?

ገረመው፦ አስተማሪሽስ ምን አለ?

ማስተዋል፦ አሥር ከአሥር።

ገረመው፦ ወይ ጉድ!

ማስተዋል፦ ያውም እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። እርስዎ ስለዚያ ወፍ የነገሩን ቀን ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን በረዶዬ ትዝ ብሎኝ አልሳቅሁም። አርብ ዕለት እስክሪብቶ ሳነሣ ያው በረዶ መጣብኝ። ከማውቀው ልነሣ ብዬ በአማርኛ ጀመርኩ፤ ከዚያ ማቆም አቃተኝ።

ገረመው፦ ስለ ሽንኩርቱ ማሳና ስለ ወንዙ ጽፈሽ፣ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለሽ ጨረስሽ።

ማስተዋል፦ እስከ መጨረሻው አነበቡት? ደንቡ አይታረም ይል የለ?

ገረመው፦ አይነበብ አይልም።

ማስተዋል፦ ምን ተሰማዎት?

ገረመው፦ ምንም።

ማስተዋል፦ ምንም?

ገረመው፦ ሰርቪስ አመለጠኝ። ቀና ስል ግቢው ጭር ብሏል። በእግሬ ቤቴ ገባሁ፤ ለካ ምሳም አልበላሁም ነበር። ሌላ ምንም።

ማስተዋል፦ ታዲያ እሱኑ አያርሙትም?

ገረመው፦ አላርመውም! ያንን ደንብ ማን ያወጣው ይመስልሻል? እኔ ነኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የፈተና ኮሚቴው «የገዛ ደንብህን ጣስክ» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? እንግሊዝኛውን ግን ከሌሎቹ ጋር ብቀላቅለው ማንም አይለየው። «ሲ» እሰጥሻለሁ፤ ታልፊያለሽ።

ማስተዋል፦ እግዜር ይስጥልኝ።

ገረመው፦ ቆይ። ባንድ ስም ሁለት ወረቀት ከተገኘ ሁለታችንም አለቀልን። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ይኸው አማርኛሽ። አንዱን ቅደጂ፤ እዚሁ፣ ዓይኔ እያየ።

ማስተዋል፦ እርስዎ ይቅደዱልኝ።

ገረመው፦ ትናንት «ጠፋብኝ» ልበልና ልገላገል ብዬ ሞክሬ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።

ማስተዋል፦ የእኔስ እጅ የማን ነው?

ገረመው፦ እናትሽ ቅዳሜ ትመጣለች አላልሽም? በይ፣ ቅደጂና ይለፍልን።

ማስተዋል፦ እሺ።

ገረመው፦ እንደሱ… ደህና አድርገሽ… ቆይ! ቆይ፣ አንቺ ልጅ! እንግሊዝኛውን እኮ ነው የቀደድሽው!

ማስተዋል፦ አውቃለሁ። እሱ የእርስዎ ነበር። የእኔ ይኸው፤ ወይ ያርሙት፣ ወይ ይጣሉኝ።

ገረመው፦ እናትሽስ? ምን ልትያት ነው?

ማስተዋል፦ እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም፣ መምህር። ይኼን ግን ታነበዋለች።

ገረመው፦ …ቁጭ በይ። አሁኑኑ አርሜ እፈርምበታለሁ፤ ኮሚቴው ፊትም የምቆመው እኔ ነኝ።