አንሶላ ያልቻለው ምሰሶ

— ሄሎ? … ሃርላን? ቆይ ወንድሜ፣ አልሰማህም፣ ወደ ኮሪደሩ ልውጣ። … ይቅርታ ጋሼ፣ እግርዎን ሰብሰብ ያድርጉልኝ። … እሺ፣ ወጣሁ። አሁን ትሰማኛለህ?

— የኮሚሽኑ ሰዎች ገና አልጨረሱም። የአንድ ሰዓት ዕረፍት ሰጥተውን ነበር፣ ሊያልቅ ነው። … እኔ ገና አልተናገርኩም። … ልናገረው የጻፍኩትን አርባ ገጽ ተወው፣ እጄ ላይ ነው። አንተ ሆስፒታል ተኝተህ ዛሬ ያመለጠህ ነገር …

— እትዬ ዴልፊያ ናቸው። … አዎ፣ ጎረቤታችን። እኚያ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ያሳርጉ ሲባሉ እንኳ ምሰሶ ሥር የሚደበቁት። እሳቸው።

— ከመጀመሪያው ልንገርህ። ጠዋት የመብራት ኩባንያው ጠበቃ ተነሣ። ሽቶው ስብሰባ ከተቀመጥንበት የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ማዶ ይጣራል። ያንኑ ዘፈኑን ዘፈነ። ምሰሶው ጤነኛ ነበር፣ ኬብል ሊዘረጋ የወጣው ሠራተኛ፣ አንተን ማለቱ ነው፣ ያለ ልክ ስቦ ምሰሶውን በራሱ ላይ ጣለው፣ የሸለቆውን ምሰሶ ሁሉ መርምሩ ማለት ባለ አክሲዮኖቻችንን ያለ ጥፋታቸው መቅጣት ነው፣ አለ።

— አውቃለሁ፣ ከሥሩ የበሰበሰ ነበር። አንተ አይተኸዋል፣ እኔም አምኜሃለሁ። ግን ግንዱን በማግስቱ ጭነው ወስደው ፈለጡት። ለኮሚሽኑ ምን እናሳይ፣ ፍልጡን? … እሱን ነው የምልህ። የጠበቃው ቃል ካለፈ ፋይሉ ይዘጋል፣ ጥፋቱ ባንተ ስም ይጻፋል፣ የቀሩት ምሰሶዎችም እንደቆሙ ይቀራሉ። ሌላ መብራት የሚሸጥልን የለ፣ ማንን እንጠይቃለን? ቀጥሎ የሚወድቀው የማን ልጅ እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

— ዌንደል፣ በሩን ገርበብ አድርግልኝ፣ ከሆስፒታል ነው። … ተባረክ።

— የት ደረስኩ? … አዎ። ሰብሳቢዋ ከሕዝቡ የሚናገር አለ ወይ አለች። እኔ ልነሣ ስል ከኋላዬ ወንበር ተንቋቋ። ዞር ስል እትዬ ዴልፊያ፣ ያንን ሰማያዊ የፋሲካ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን እንደ አራስ ልጅ አቅፈው። በቃ፣ ለሕዝቡ የተሰጠችንን ሦስት ደቂቃ በሏት አልኩ። … በልቤ ነው ያልኩት። ከንፈሬም ትንሽ ሳይንቀሳቀስ አልቀረም።

— ስማቸውን ተናግረው ሳይጨርሱ ጠበቃው ተቃወመ። ‹እኚህ ወይዘሮ የምሰሶ ባለሙያ አይደሉም› አለ። ምን ቢሉት ጥሩ ነው? ‹ልክ ነህ ልጄ፣ ስለ ምሰሶ አላውቅም። ስለ አንሶላ ግን ጠይቀኝ።›

— ቆይ፣ አትሳቅ፣ ጎድንህ። … ከዚያ ከቦርሳቸው ደብዳቤ አወጡ። በልብስ መቆንጠጫ የተያዘ። ከአራት ዓመት በፊት ኩባንያው ራሱ የላከላቸው። ሰብሳቢዋ አገላብጣ አየችውና ለጠበቃው ሰጠችው። ‹ማኅተሙ የእናንተ ነው፣ እርስዎ ያንብቡልን።›

— አነበበዋ፣ ምን ያድርግ። ጽፌዋለሁ፣ ስማ፦ ‹በግቢዎ ጫፍ የሚገኘው ምሰሶ ቁጥር ሦስት መቶ ዐሥራ ስምንት ሥሩ ስለበሰበሰ ተጨማሪ ክብደት መሸከም አይችልም። ያሰሩበትን የልብስ ማስጫ ገመድ በዐሥር ቀን ውስጥ ይፍቱ።›

— አዎ፣ በደንብ ሰማህ። ሦስት መቶ ዐሥራ ስምንት። ያንተው፣ ይዞህ የወደቀው።

— ‹ይፍቱ› ላይ ሲደርስ ድምፁ ሹክሹክታ ሆኖ ነበር። ቃል የምትመዘግበዋ ሴት አልሰማሁም፣ ይድገሙት አለች። ደገመው። ሁለት ጊዜ፣ በገዛ አፉ። እትዬም ‹እኔ በማግስቱ ፈታሁ። አራት ዓመት አጥር ላይ ሳሰጣ ኖርኩ። አንሶላዬን ያልቻለ ምሰሶ ላይ ያንን ልጅ ማን አወጣው?› ብለው ቁጭ አሉ።

— ሰዉማ … አራት መቶ ሰው ወደ እሳቸው ዞረ። እነዚያ ከሰል ሲቆፍሩ ሳንባቸው ያለቀ ሽማግሌዎች እንኳ አላሳሉም። እኔ፣ በረዶው እስኪቀልጥ ቤተ መጻሕፍት ተጎልቼ ሕጉን ለብቻዬ የለቀምኩት፣ ጠበቃ አይረታኝም ስል የከረምኩት፣ አርባውን ገጽ አጥፌ ጭኔ ላይ አኖርኩት። እጃቸውን ብቻ ነው ያየሁት። መቆንጠጫዋን መልሰው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቷት። ትጠፋለች ብለው።

— ገና ነው። ሰብሳቢዋ ቀና ብላ ‹እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ሌላ ሰው አለ?› አለች። መጀመሪያ ኦርቪል ተነሣ፣ ምሰሶው ላይ የወፍ ጎጆ ቸንክሮ አንሣ ተብሎ ነበር። ቀጥላ አንዲት ሴት፣ የጠፋች ድመቷን ማስታወቂያ ለጥፋ። ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት። ዕረፍቱ ለዚህ ነው፣ ሰዉ ደብዳቤውን ሊያመጣ ወደየቤቱ ሄዶ ነበር። አሁን በመስኮት እያየሁ ነው … መኪናው ከሸለቆው ላይና ታች እየጎረፈ ነው። ወረቀታቸውን እንደ ዕንቁላል ይዘውታል።

— ሃርላን? … እያለቀስክ ነው እንዴ? … እሺ፣ ጉንፋን ነው።

— እትዬን? እዚሁ ናቸው፣ የበቆሎ ዳቦ እያደሉ። … እትዬ፣ ሃርላን ነው፣ ምን ልበልልዎ? … ‹በአዲሱ ምሰሶ ላይ ገመዴን ማሰር ይፈቀድልኝ ይሆን?› ነው የሚሉህ። … እትዬ፣ ድኜ ስነሣ እኔው አስርልዎታለሁ ይላል።

— ጠሩኝ። ሊኔት ብለው ጠሩኝ፣ ልግባ። … አይ፣ አርባውን ገጽ አላነበውም። ወንድሜ ያየው ልክ ነበር ብዬ አፌን እዘጋለሁ። … አትሳቅ አልኩህ፣ ጎድንህ። ቻው።