አሳየች እጇን ያነሳችበት ስብሰባ

በደርግ ዘመን ቀበና ወንዝ ዳር የልብስ ስፌት ማኅበር ነበረን። እኔ ስብሰባ ላይ ስናገር የቤቱ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሁሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጠኝ ነበር ቢባልም አልክድም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስወርድ ሊቀመንበራችንን አቶ ገመዳን ድልድዩ ላይ አገኘኋቸው። ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው፣ ለስፌት ቤቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ዳገቱን ሊወጡ ነው። አብራቸው ታደለች አለች፤ የንግድ ሥራ ትምህርት ጨርሳ ሒሳባችንን የምትይዝ ወጣት ናት።

“ወዴት ነው ጋሽ ገመዳ?”

“አሳየች ቤት። ሥራውን ትቻለሁ ብላ ላከችብኝ። ይቅርታ ልጠይቃት ነው። ሀብተወልድ፣ አንተም ና፤ አንደበትህ ይረዳናል።”

ተራራ የሚያነሳው አንደበቴ ያን ጠዋት ከበደኝ። ምክንያቱን አንባቢ ይወቅ። ቅዳሜ ዕለት መጥረጊያ ማን ይግዛ በሚል ጉዳይ ተሰብስበን ነበር። በደንባችን በሩ ይዘጋል፤ ያለ ተራውም ማንም አይናገርም። የምታጠባውን ሕፃን ልጇን ለጎረቤት ትታ የመጣችው ልብስ ሰፊያችን አሳየች ገና በጠዋቱ እጇን አነሳች። አቶ ገመዳም ደስ ብሏቸው፣ “ጓድ አሳየች፣ ተመዝግበሻል” አሏትና አስቀድመው ከተመዘገቡት ተናጋሪዎች መጨረሻ ላይ ጻፏት። እያንዳንዱ እየተነሳ የቀደመውን ጓድ እደግፋለሁ ይልና የተባለውን ሁሉ ይደግማል። ተራዋ ደርሶ ስትቆም ወተቱ ከቀሚሷ አልፎ ነጠላዋን አርሶት ነበር። “እኔ ሐሳብ የለኝም” አለች። “ልጄን እንዳጠባ እንድትለቁኝ ነበር።” ከኋላ አንዱ ሳቀ። የቀረነው ወለሉን አየን።

“ይቅርታው ጥሩ ነው ጋሼ” አለች ታደለች። “ለሚመጣው ቅዳሜስ ምን አስበዋል?”

“ምን አስባለሁ? ሁሉም ካልተናገረ ስብሰባ ነው እንዴ? አንቺ ልጅ፣ እኔ የሰው መሬት ሳርስ ‘ገመዳ፣ አንተስ ምን ትላለህ?’ ያለኝ የለም። ዛሬ ደግሞ እኔ የሰው አፍ ልዝጋ?”

“የማንንም አይዝጉ። ግን ያን ሁሉ ሰው አናግረው ማንን ሰሙ?”

“ሁሉንም ሰማሁ።”

“አሳየችንም?”

አቶ ገመዳ እርምጃቸውን አፈጠኑ።

“በመጥረጊያው እኮ የምትጠርገው ጽዳት ሠራተኛዋ ዲንቄ ናት፤ እሷን ግዢ ቢሏት ያልቅ ነበር” አለች ታደለች። “ጉዳዩ ቀድሞ ይነገረን። የማይመለከተው ሥራው ላይ ይቆይ። የተባለው አይደገም። በሩም ክፍት ይሁን።”

“በሩ ከተከፈተ ማን ይቀራል?”

“ጉዳይ ያለው ይቀራል።”

“የእኔ ንግግርስ?” አልኩ። “እኔን ለመስማት ከመሪ ሰፈር ድረስ በእግሩ የሚመጣ አለ።”

“ጋሼ ሀብቴ፣ ቅዳሜ ስለ መጥረጊያው ሲያስረዱን ከየት ነበር የጀመሩት?”

“ከ... ከዓለም ሠራተኞች ታሪክ።”

“አሳየች ነጠላዋን ደረቷ ላይ የደረበችው ያኔ ነው። አጠገቧ ነበርኩ።”

ፊቴ እንደ ካውያ ጋለ።

አሳየች ልጇን ታቅፋ ደጃፏ ላይ ቆመች እንጂ ግቡ አላለችንም። አቶ ገመዳ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

“የሳቀብሽ አንድ ሰው ነው፤ ያሳቅሁብሽ ግን እኔ ነኝ። በሩን ያዘጋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።”

“ይቅርታዎን ሰምቻለሁ ጋሼ” አለች ቀና ሳትል። “ግን ልጄን በሚመጣውም ቅዳሜ ይርበዋል።”

ሽማግሌው ልጁን አዩ፤ ከዚያ ወደ ታደለች ዞሩ። “መንገድ ላይ ያልሽኝን ድገሚልኝ። እሷም ትስማና ይበቃል ወይም አይበቃም ትበል።”

አሳየች አዳመጠች። “ፈቃድ የሚፈልግ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ይህን ጨምሩበት” አለች።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጉዳያችን የጨርቅ እጥረት መሆኑ ዓርብ ዕለት ተነግሮን ነበር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አሳየችም ወደ ሥራዋ ተመልሳ መካከላችን ተቀምጣለች። አቶ ገመዳ መጀመሪያ የጠየቁት፣ “የሚቸኩል ማነው?” ብለው ነው። እኔ አስመራ የሚያደርስ ንግግር አዘጋጅቼ “እስማማለሁ” ብቻ ብዬ ተቀመጥኩ። ሻያችን ሳይቀዘቅዝ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ የስፌት መኪኖቹ ሥራ አይፈቱም፤ የምንሰፋው የተማሪዎች ዩኒፎርም በቀኑ ይደርሳል፤ ተራ እስኪደርሳቸው ሐሳባቸው ይጠፋባቸው የነበሩ ዝምተኞችም መናገር ጀመሩ።

በዚያ በመጀመሪያው ቀን ግን አቶ ገመዳ “ጨርሰናል” ሲሉን ማንም አላመነም፤ ሁላችንም እንደተቀመጥን ቀረን። መጀመሪያ የተነሳችው አሳየች ናት። የሳቀባት ሰው እግሩን ሰብስቦ መንገድ ለቀቀላት። እኛም እንዳታፍር ብለን በሩን እስክታልፍ ድረስ ዓይናችንን ከስፌት መኪኖቻችን ላይ አላነሳንም።