ይሉኝታ ያሰረው ኮምፒውተር

አቶ አራጌ የልጃቸውን ላፕቶፕ በአሮጌ ሽርጥ ጠቅልለው፣ ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ከቆቦ መናኸሪያ አጠገብ ባጃጅ ይጠብቁ ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰው ሰላም ባላቸው ቁጥር ጥቅሉን ወደ ብብታቸው ያስጠጉታል፤ ለሚያያቸው የሰረቁት ዕቃ ይመስል ነበር። ስርቆት ባይሆንም የሚያኮራ ነገር አልነበረም። ኮምፒውተሩን ለአንድ ነጋዴ ሊሸጡት ነው። ልጃቸው ሀስና አባቷ ይዘውት መውጣታቸውን እንጂ ለምን እንደወጡ አታውቅም።

ባጃጅ መጣ። ከኋላ የተቀመጠችው ዚነት ናት፤ የወዳጃቸው የመህዲ ልጅ፣ በከተማው ኮምፒውተር የምታስተምር። አቶ አራጌ ሲያዩዋት ሌላ ባጃጅ ልጠብቅ ብለው አስበው ነበር፤ የወዳጅን ልጅ አይቶ መመለስ ግን ነውር ሆነባቸውና ገቡ።

«አሰላሙ አለይኩም አባ አራጌ! እንዴት ዋሉ? ቤተሰቡስ? ሀስናስ?»

«ወአለይኩም ሰላም የኔ ልጅ። አልሀምዱሊላህ፣ ሁሉም ደህና ነው። የእናትሽ ወገብ ተሻላት?»

«አልሀምዱሊላህ፣ ተሽሏታል። ይቺ የታቀፏት ምንድን ናት? ጠቦት ገዙ እንዴ?»

«ጠቦት ብትሆንማ ታርዳ ትበላ ነበር» አሉ አቶ አራጌ። መዋሸት አልሆነላቸውም፤ እውነቱን ሁሉ መናገርም አልሆነላቸውም። «የሀስና ኮምፒውተር ናት። ትምህርቱ አልሆነላትምና ልሸጣት ነው።»

«ለሀስና ነው ትምህርት የማይሆንላት? በሰፈራችን ከሷ በላይ የሚያነብ ማን አለና?»

አቶ አራጌ አቀረቀሩ። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ሀስና የሒሳብ አያያዝ በርቀት ትማራለች፤ ፈተናው የሚሰጠው በኢንተርኔት ነው። ባለፈው ፈተናው ሲከፈት ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ፤ ሰዓቱም እሱ ላይ አለቀ። ትምህርት ቤቱ አንድ የማካካሻ ዕድል ሰጣት፤ እሱም ነገ ጠዋት ነው። ነገ ካመለጣት ትሰረዛለች። አቶ አራጌ ግን ዘመድ ሲጠይቃቸው «ወደቀች» ብለው መልሰው ነበር። ምክንያቱም ኮምፒውተሩን የሰጣት የሚስታቸው ወንድም ኸይረዲን ነው፤ «ኮምፒውተሩ እንቢ አለ» ማለት የሰውየውን ስጦታ ማናናቅ መሰላቸው። ልጅ ወደቀች ቢባል ማንም አይቀየምም፤ ኮምፒውተሩም ነገ መቆሙ ስለማይቀር ዛሬ ቢሸጥ ማንም ምክንያቱን አይጠይቅም ብለው አሰቡ። «ልጅቱስ?» የሚለው ሐሳብ መጥቶባቸው ነበር፤ ቶሎ አባረሩት።

«አይ ዚኑ» አሉ በመጨረሻ፤ «ልጅቱስ ደህና ናት፤ ነገም ፈተና አላት። ዕቃው ነው እንቢ ያለ። ኢንተርኔት ሳይገባበት ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ኢንተርኔቱን ስታገናኘው ስታክ ያደርጋል፤ ቢነኩት ቢጎትቱት አይነቃነቅ። እኔ እንደሚመስለኝ ኢንተርኔቱ ራሱ ነው በሽታው። ይኼ ለአዲስ አበባ የተሠራ ነገር እዚህ ሙቀት ውስጥ ምን ይሆናል?»

«በዚሁ ሙቀት የኔው ይሠራል እኮ። ነገ ፈተና እያላት ዛሬ አይሸጥም፤ ቤት እንመለስና ልየው። እምቢ ካለ አብሬዎት ሄጄ አሻሽጣለሁ።»

እምቢ ማለት አሁንም ነውር ሆነባቸው። ይሉኝታ አንዳንዴ እንዲህ ሳያስበው በጎ ይሠራል። ባጃጁ ዞሮ ተመለሰ።

ሀስና አባቷ ከዚነት ጋር ሲገቡ አይታ ፊቷ በራ፤ ጥቅሉን ስታይ ደግሞ የት ሊሄድ እንደነበር ገባት መሰል ፊቷ ተመልሶ ጠቆረ። ዚነት ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና ኮምፒውተሩን ከመክፈቷ በፊት ጥያቄ ጀመረች።

«አባ አራጌ፣ ከዚህ በፊት ማን ነክቶታል?»

«ፍቅሩ ነው። መናኸሪያው ጋ ያለው ጠጋኝ።»

«ሌላ ሰው?»

«ሌላ ማንም አልነካው» አሉ አቶ አራጌ፤ ጢማቸውን እየዳበሱ።

ሀስና ቀና ብላ አየቻቸውና መልሳ አቀረቀረች።

«እሺ። መጀመሪያ ጥፋቱ የኢንተርኔቱ ነው ወይስ የኮምፒውተሩ የሚለውን እንለይ» አለች ዚነት። የሀስናን ኢንተርኔት ማስገቢያ ዶንግል ነቅላ ከቦርሳዋ ባወጣችው በራሷ ላፕቶፕ ላይ ሰካችው። ወዲያው ተገናኘ። ቀጥሎ የሀስናን ኮምፒውተር ከራሷ ስልክ ኢንተርኔት ጋር አገናኘችው። ትንሽ ቆየና ቀጥ አለ።

«ስታገናኚው ሆዱ ይጮኻል» አለች ሀስና። «ሥራ የበዛበት ይመስል ይንጫጫል፤ ከዚያ ይደርቃል። ለፍቅሩ ልነግረው ብዬ...» አባቷን አየችና ተወችው።

«ጥሩ አስተውለሻል። አዩ አባ አራጌ? ኢንተርኔቱ ከኔው ጋር ሰላም ነው። ዶንግሉም ደህና ነው። ጥፋቱ ቤት ውስጥ ነው።»

«እንግዲያው ያለውን ሁሉ ጥረጊውና ከአዲስ ይጀመር» አሉ አቶ አራጌ። «ምን ያለፋሻል? ጊዜም የለ።»

«ሁሉን ከጠረግሁት የሀስና የዓመት ሥራ አብሮ ይሄዳል፤ ጥፋቱ የቱ እንደነበረም ሳናውቅ እንቀራለን። አንድ አንዱን ነው የምነካው። አንዱን ነክቼ አያለሁ፤ ካልሆነ ወደነበረበት መልሼ ሌላውን እነካለሁ።»

አቶ አራጌ ይህን አካሄድ አልወደዱትም። የሚያውቁት ጥገና ሰው መጥቶ አንድ ነገር በፍጥነት ጭኖ ተሰናብቶ የሚሄድበት ነበር። ዚነት ግን ኮምፒውተሩን አጥፍታ፣ ሰዎች የጫኑበትን ሁሉ አስተኝታ፣ የግድ የሚያስፈልገው ብቻ እንዲነሳ አድርጋ አስነሳችው። ኢንተርኔቱን አገናኘችው። አልቆመም። ሀስና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አልሀምዱሊላህ! ዳነ በቃ!» አሉ አቶ አራጌ።

«አልዳነም ገና። በዚህ አነሳስ ፈተና አይሠራም። ግን በሽታው ሰው ከጫነበት ነገር ውስጥ መሆኑን ነገረን።» እንደ ወትሮው መልሳ አስነሳችውና በጣቷ የስክሪኑን ጥግ፣ ከሰዓቱ አጠገብ አሳየች። ትንንሽ ጋሻ የሚመስሉ ሦስት ምልክቶች ተደርድረዋል። «እነዚህ ሦስቱም አንቲቫይረስ ናቸው። ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ የሚፈትሹ ዘበኞች በሏቸው። አንድ ቤት አንድ ዘበኛ ይበቃዋል። እዚህ ግን ሦስት አሉ፤ አይተዋወቁም። ኢንተርኔት ሲመጣ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይነሳሉ፤ የገባውን ሁሉ ሦስቴ ይፈትሻሉ፤ እርስ በርሳቸውም እንደ ሌባ ይጠራጠራሉ። ኮምፒውተሩ የእነሱን ጠብ ሲያስተናግድ ሥራው ይቆማል። አንድ ጠጋኝ ሦስቱንም አይጭንም አባ አራጌ። ማን ማን ነክቶታል?»

አቶ አራጌ ሽርጣቸውን አስተካከሉ፤ በትራቸውን ከግድግዳው አንስተው መልሰው አስደገፉት።

«ፍቅሩ ሠራውና ቆየት ብሎ እንቢ አለ» አሉ ቀስ ብለው። «አልሆነም ብዬ ብመልስለት ሙያውን መናቅ መሰለኝ። ሮቢት ከተማ ወስጄ ለጠጋኙ ለከማሉዲን ሰጠሁት። ፍቅሩ ነክቶታል ብዬ ብነግረው ደግሞ በባልንጀራው ላይ እንዲፈርድ ማድረግ ሆነብኝ፤ ማንም አልነካውም አልሁት። እሱም አልሆነ። ዋጃ ወሰድሁት፤ እዚያም እንዲሁ አልሁ። ኋላ ደግሞ ፍቅሩ እንዳይቀየም ተመልሼ እሱ ጋ ወሰድሁት። ሰው አክብሬ ነው እንጂ ክፋት የለብኝም ዚኑ።»

«ክፋት እንደሌለብዎትማ አውቃለሁ። ግን ሦስቱም ባዶ ቤት የገቡ መስሏቸው ዘበኛ ቀጠሩ። የፊተኛውን ቢያውቁ ኖሮ አይጨምሩም ነበር።»

«ሰው ማክበርስ የት ይቀመጥ? ለሰው ፊት መጨነቅ ካስቀረን ከሰውነት ምን ተረፈን?»

«ሰውን ያክብሩ፤ ማን እምቢ አለ? ፍቅሩን በአንቱታ ይጥሩት፣ ሻይ ይጋብዙት። ብልሽቱን ግን አይደብቁት። አንቱ ሽማግሌ ነዎት፤ በግጦሽና በውሃ ስንቱን አስታርቀዋል። አንዱ ባለጉዳይ ባላጋራዬ እንዳይቀየም ብሎ ግማሹን ነገር ቢውጥ ምን ይሉታል?»

«እሱንማ ጉዳያችንን አታበላሽብን ብዬ ከመሀል አስነሳዋለሁ» አሉ ሳያስቡት። ከዚያ የተናገሩትን ሰሙት።

ሀስና ሳቋን ለመሸፈን ዞር አለች። አቶ አራጌ ግን አልሳቁም፤ ሌላ ነገር ትዝ ብሏቸዋል። ለደም ግፊታቸው ጤና ጣቢያ የሰጣቸውን ኪኒን እየዋጡ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄደው «ምንም አልወሰድሁም» ብለው ነበር። ሁለት ዓይነት ኪኒን ውጠው መስጊድ በር ላይ ራሳቸውን የሳቱት ያን ሰሞን ነው። ይህንን ለዚነት ሲነግሯት ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ከኮምፒውተሩ ምን ለየው ታዲያ?» አለች ዚነት። «ሐኪምም ጠጋኝም የሚሠራው በነገሩት ነው። የሸሸጉትን አያክምም።»

ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አንደኛውን አንቲቫይረስ አነሳች፤ ኮምፒውተሩን አስነስታ አገናኘችው፤ ቆየት ብሎ ቀጥ አለ። ሁለተኛውን ልታነሳ ስትል ግን ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል ይጠይቅ ጀመር። ሀስና የምታውቀውን ሁሉ ሞከረች፤ አልሆነም።

«የጫነው ሰው ቆልፎታል። የፍቅሩ ይመስለኛል፤ የሱ ደንበኞች ኮምፒውተር ላይ አይቼዋለሁ። ካልደወሉለት ዛሬ አይነሳም።»

«አንቺ ደውይለት።»

«የኔ ደንበኛ አይደለም አባ አራጌ። አንቱ ነዎት የሚያውቁት።»

አቶ አራጌ ስልኩን ያዙት፤ አልደወሉም። ከውጭ የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል። ሀስናን አዩዋት። ጉልበቷን አቅፋ ምንጣፉን እያየች ነበር፤ ለምና ለምና የደከመች ልጅ ፊት ነበራት። ለጠጋኞች ክብር የተጨነቁትን ያህል ለዚች ልጅ አለመጨነቃቸው አሁን ነው ፊት ለፊት የመጣባቸው። ደወሉ።

«ፍቅሩ፣ አራጌ ነኝ። አንድ ነገር ሸሽጌህ ነበር። ኮምፒውተሩን ካንተ በኋላ ሮቢትም ዋጃም ወስጄዋለሁ። አንተን መናቄ አይደለም። አሁን የልጄ ፈተና ነገ ነው፤ የቆለፍህበትን ቃል ንገረኝ።»

ከወዲያ በኩል ሳቅ ተሰማ። «ኧረ አባ አራጌ! መልሰው ሲያመጡልኝ የሰው እጅ እንደነካው አይቼ ነበር እኮ። ብጠይቅዎ አንቱን ማሳፈር መሰለኝና ዝም አልሁ። የኔን ያንሱት፤ የሮቢቱ ይሻላል፣ እሱ ይቆይ።»

የይለፍ ቃሉን ነገራቸው። አቶ አራጌ ስልኩን ዘግተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። እሳቸው ለፍቅሩ ፈርተው፣ ፍቅሩ ለሳቸው ፈርቶ፣ በመሀል ልጅቱ ፈተና አጥታለች።

የፍቅሩም አንቲቫይረስ ተነሳ። ኮምፒውተሩ ተነስቶ ተገናኘ። ጠበቁ። ሀስና የትምህርት ቤቷን ገጽ ከፈተች፣ ዘጋች፣ መልሳ ከፈተች። ሆዱም አልጮኸም፤ አልቆመምም። ዚነት የቀረውን አንቲቫይረስ አሳድሳ ፈተሸችበትና ላፕቶፑን ለሀስና አሻገረችላት።

«ከእንግዲህ ጠጋኝ ጋ ስትሄዱ ሦስት ነገር ንገሩ፤ መቼ እንደሚቆም፣ ከመቆሙ በፊት ምን እንደተነካ፣ ማን እንደነካው። ጠጋኙ በግምት አይደክምም፤ እናንተም ከተማ ለከተማ አትዞሩም፤ ዕቃውም ዕድሜ ያገኛል። የሚቀየም ጠጋኝ ካለ ይቀየም፤ ፈተናው ግን አያምልጥ።»

አቶ አራጌ «ገብቶኛል የኔ ልጅ» አሉ። «ሐኪሙም ጋ እንዲሁ አደርጋለሁ፤ ኪኒኑን ሁሉ ይዤ ነው የምሄድ።» ከልባቸው ነበር። ግን ሰው ጠጋኝ ፊት ደፋር ቢሆን ዘመድ ፊት ሌላ ነው፤ ይህን እሳቸውም ያውቁት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሀስና ጓዳ ገብታ ፈተናውን ጀመረች። አቶ አራጌ ማንም እንዳይረብሻት በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጠው ተቀመጡ። የመጣውን ጎረቤት ሁሉ ሲመልሱ ቆዩ፤ ኸይረዲንን ግን መመለስ አልቻሉም። የሚስታቸው ወንድም ነው፤ ለገበያ ከዋጃ መጥቶ ነው። አጠገባቸው ቁጢጥ አለና አዘነላቸው።

«ያው እንግዲህ፣ ሁሉም ልጅ ለትምህርት አልተፈጠረም። ወደቀች ስትለኝ እኔም ከፋኝ። ኢንሻአላህ በትዳሯ ይቅናት። ኮምፒውተሩን ለሌላዋ እህቴ ልጅ እንሰጠዋለን።»

አቶ አራጌ ምላሳቸው ላይ የለመዱት መልስ መጣ፤ «አዎ፣ ምን ይደረግ» የሚለው። ቀላል ነበር። ማንም አይቀየምም፣ ወሬውም እዚያው ይሞታል። ከጓዳው የሀስና ጣቶች ቁልፎቹን ሲመቱ ይሰማቸዋል።

«ኸይረዲን» አሉ፤ ድምፃቸውም ከፍ አለ። «ልጄ አልወደቀችም። ኮምፒውተሩ ነው የቆመባት። ስጦታህን ያናናቅሁ እንዳይመስልህ ብዬ እሷን ወደቀች አልሁ። አንተ እንዳትቀየም የልጄን ስም ሸጥሁ። ዋሽቻለሁ፤ ለነገርኋቸው ሁሉ ዞሬ እነግራለሁ።»

ኸይረዲን ቀና አለ። እውነትም ተቆጥቶ ነበር። «ዕቃ እኮ ነው አራጌ! ዕቃ ይበላሻል፣ ይሠራል። ስለ አንድ ብረት ብለህ የእህቴን ልጅ አዋረድህብኝ?»

ተቀየመባቸው፤ የፈሩት ሁሉ ደረሰ፤ ሰማዩ ግን አልወደቀም። ቁጭ ብለው ቁጣውን ሰሙት።

የጓዳው በር ከኋላቸው ተከፈተ። ሀስና ቆማለች። ፈተናውን እስከ መጨረሻው ሠርታ ልካዋለች፤ ኮምፒውተሩ አንዴም አልቆመባትም። ይህን ኋላ ነው የነገረቻቸው። በሩን እንደከፈተች ያለችው ግን ሌላ ነበር።

«አባ» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። «ያሉትን ሰማሁ።»