የዲስኩ ቁልፍና የማተሚያው ቁልፍ

ከምኒልክ አደባባይ ወደ አፍንጮ በር በሚወርደው ውይይት ታክሲ ውስጥ፣ ፊት ለፊቴ ሁለት የኮምፒዩተር ክፍል ሠራተኞች፣ አንድ ሽማግሌና አንድ ወጣት፣ ይንሾካሾካሉ። ጉልበታችን እየተነካካ እንኳ የማልሰማ መሰላቸው።

«ጋሼ፣ ማሽኑ የቆመው እንደተባለው በታደሰ አሻጥር አይደለም።»

«ቀስ በል እንጂ!»

«ዋናው ፕሮግራም ውስጥ ያሉት ሁለት ሥራዎች ሁለቱም የዲስኩንና የማተሚያውን ቁልፍ ይፈልጋሉ። አንዱ የዲስኩን ይዞ የማተሚያውን ይጠብቃል፣ ሌላው የማተሚያውን ይዞ የዲስኩን። ማንም አይለቅም።»

«አውቃለሁ። ሁለቱም ዲስኩን እንዲያስቀድሙ አድርጌ መጻፍ ነበረብኝ። ቅደም ተከተሉን ያገላበጥኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለጓድ ኃላፊው አይነግሩም? ታደሰ በከንቱ ታስሯል እኮ!»

«መጀመሪያ አንተ መስክርልኝ። ብቻዬን ብገባ አሻጥረኛው እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ሳይናገሩ ምኑን ልመስክር? እኔንም ያስገቡኛል።»

«እንግዲያው ተወው።»

«ጋሼ፣ እኛም እንደ ማሽንዎ ቆምን እኮ።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አነሱ።

«ወራጅ አለ!»

«ገና አልደረስንም፣ ጋሼ።»

«ወደ ቢሮ ልመለስ ነው። እኔ ልቅደም፤ አንተ ትከተለኛለህ። አይደል፣ ልጄ?»

«እሺ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ወረዱ፤ ወጣቱ ከመቀመጫው አልተነሳም።

አፍንጮ በር ስንደርስ፣ ሁሉን የሰማሁት እኔም ወጣቱ ይቅደም ብዬ ወራጅ ሳልል ቀረሁ።