በአረንጓዴው ክሪስታል ላይ ስለተገኘው ሙጫ የተሰጠ የምስክርነት ቃል

የቃል ሰጪ መጠሪያ፦ በሰፈሩ «ጋሽ ማጉያ» በመባል የሚታወቁ
ዕድሜ፦ 56
ሥራ፦ ሰዓት ጠጋኝ
አድራሻ፦ ከሰዓት መጠገኛ ሱቃቸው በላይ ያለው ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ዕለት፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡20

ይህን ቃል የምሰጠው ማንም ሳይጠራኝ፣ በራሴ እግር መጥቼ ነው። ሰኞ ዕለት እዚሁ ጠረጴዛ ፊት የሰጠሁት ቃል ስህተት ስለሆነ እንዲነሣልኝ እጠይቃለሁ።

እኔ አረንጓዴ ክሪስታል እሰበስባለሁ። ከአዲስ ቁፋሮ የወጣ አልይዝም፤ የምይዘው ከሠላሳ ዓመት በፊት ከተዘጋው የማዕድን ጉድጓድ የወጣውን፣ የድሮ ሠራተኞች በጋዜጣ ጠቅልለው አልጋ ሥር ያኖሩትን ብቻ ነው። ከሁሉም የምሳሳለትን፣ አውራ ጣት የሚያክለውንና ነጭ ድንጋይ ላይ የቆመውን ክሪስታል ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት የሸጡልኝ በዚያ ጉድጓድ ይሠሩ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። በጠራራ ፀሐይ እንኳ ባትሪ ከእጃቸው ስለማይለይ አባ ባትሪ እንላቸዋለን። እንደ አባት ነበር የማያቸው።

ባለፈው እሑድ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ አዲስ የገዛሁትን ሐምራዊ መብራት ልሞክር ብዬ መጋረጃውን ዘጋሁ። ይህ መብራት ሙጫ ያለበትን ቦታ አብርቶ ያሳያል፤ ተሰብሮ የተቀጠለ ክሪስታል እንደ ደህና እንዳይሸጥልን የምንፈትሸው በእሱ ነው። ክሪስታሉ ከድንጋዩ ጋር የሚገናኝበት ላይ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ቦግ አለ። ደሜ ፈላ። ሰው ሳላማክር፣ እሳቸውንም ሳልጠይቅ በማግስቱ መጥቼ «አጭበርብረውኛል» ብዬ አመለከትሁ። ተይዘው ሲገቡ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። «እኔ ስሸጥለት ደህና ነበር» ብለው ከዚያ በኋላ ዝም ማለታቸውን መርማሪው ሲነግሩኝ ሳቅሁ።

ባለቤቴ አራስ እህቷ ዘንድ ሳምንት ከርማ ዛሬ ጠዋት 2፡30 ላይ ገባች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ «አባ ባትሪሽ ታሰሩልሽ» አልኋት፣ እንደ ቀልድ። በምን እንደሆነ ስነግራት ፊቷ አመድ መሰለ፤ ሻንጣው ላይ ቁጭ አለች። «እኔ ነኝ የሰበርኩት» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዐሥር ዓመት በፊት እኔ ሱቅ ሳለሁ፣ መደርደሪያውን ስትወለውል ክሪስታሉ ወድቆ ከሥሩ ተነቀለባት። በድንጋዮቼ ከመጡብኝ ምን እንደምሆን ስለምታውቅ በመሐረብ ይዛው አባ ባትሪ ዘንድ ሮጠች። እሳቸው በመርፌ ጫፍ ሙጫ አስነክተው አጣበቁላት። «ለባልሽ ትንፍሽ አልልም፣ አንቺም አትጨነቂ» ብለው ቃል ገቡላት።

እንግዲህ እኚህ ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ሁሉን እያወቁ እዚህ ወለል ላይ ተኝተዋል። አንዲት ቃል ቢናገሩ ሰኞውኑ ቤታቸው ይገቡ ነበር። ክው ብዬ ቀረሁ፤ አሁንም እንደዚያው ነኝ። ዐይናቸውን የማይበት ፊት የለኝም።

ይህን ቃል ከመስጠቴ በፊት በመርማሪው ፈቃድ አግኝቻቸዋለሁ። ባለቤቴ እንደነገረችኝ ስገልጽላቸው ቀና ብለው አዩኝና «ተቆጣሃት እንዴ?» አሉኝ። ሌላ የጠየቁኝ ነገር የለም። ተቆጥቻት ነበርና ወጥቼ ይህን ቃል ልሰጥ መጣሁ።

ሽማግሌው ዛሬውኑ እንዲለቀቁ፣ የሚጠየቅ ካለም እኔ እንድጠየቅ አመለክታለሁ። የተጻፈው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ከአፌ የወጣና እውነት ነው። ባለቤቴም ቃሏን ልትሰጥ በር ላይ ቆማለች።

የቃል ሰጪ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________